መጽሐፍም ይበጠራል

እንግዲህ ልጆቼ፣ ባለፈው እሑድ የእድሩ ስብሰባ ሲበተን ካርቶን የሞላ ጋሪ እየገፋችሁ በሬ ላይ ቆማችሁ ነበር። «አባባ፣ ለወጣት ማዕከሉ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየለመንን ነው፤ ካለዎት ይለግሱን» አላችሁኝ። ከገርጂ ተነሥታችሁ እስከ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ስትወጡ ስትወርዱ እንደ ዋላችሁ ላባችሁ ይናገር ነበር። መረቅኋችሁ፤ ውሃም አጠጣኋችሁ። መጽሐፍ ግን ያን ቀን አልሰጠሁም። አንዳንዶቻችሁ «ሽማግሌው ሰሰተ» ሳትሉኝ አልቀራችሁም። አልሰሰትኩም፤ ከላይ ያለውን ካርቶን ከፈት አድርጌ ስላየሁ ነው።

ምን አየሁ? ሽፋኑ የተገነጠለ፣ በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት የታተመ የፊዚክስ መማሪያ፣ አምስት ቅጂ። ማሽኑ ከሞተ የቆየ የማባዣ ማሽን መመሪያ። ዘመን ያለፈበት የስልክ ማውጫ። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ማንም ያልገለጠው ወፍራም የግብር ሕግ መጽሐፍ፤ ያውም የሌላ አገር ግብር። ከሥር አንድ የልጆች ተረት አገኘሁና ደስ ሊለኝ ሲል፣ እርሱም ዝናብ ጠጥቶ ገጹ እንደ ቂጣ ተጣብቋል። ዛሬ የእድሩ ሰዎችም፣ እናንተም ባላችሁበት፣ ከዚያች ካርቶን ተነሥቼ ጥቂት ላውጋ።

እኔ የመጽሐፍ ሊቅ አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት የመሥሪያ ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ደርቤ ይዣለሁ። ስለ ሥራው ያወቅሁት ግን እናቴ እህል ስታበጥር ካየሁት ብዙም አይበልጥም። እርሷ ከአውድማ የመጣውን ሁሉ ወደ ጎተራ አትከትም ነበር። በሰፌድ አበጥራ፣ እፍ ብላ፣ ጠጠሩን በጣቷ ለቅማ፣ ለዘር የሚሆነውን ለብቻ፣ ለእንጀራ የሚሆነውን ለብቻ፣ ለዶሮ የሚጣለውንም ለብቻ ታደርግ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት የሰጠንን ሽምብራ ከእኛው ጋር ልደባልቅ ስል እጄን መታችኝ። «ነቀዝ እንግዳ ሆኖ ይገባል፣ ባለቤት ሆኖ ይቀራል» አለችኝ። መጽሐፍም እንደ እህሉ ይበጠራል። መደርደሪያ ላይ ቦታ ይዞ የማይነበብ መጽሐፍ፣ የሚነበበውን አስወጥቶ ነው የተቀመጠው።

ስጦታን አይሆንም ማለት በእኛ አገር ነውር ይመስላል። ሰጪው ይቀየማል፤ «ምን ንቀት ነው» ይላል። ቢሆንም እናንተ የምትቀበሉት ለራሳችሁ አይደለም፤ ለዚያ ክፍል ውስጥ ለሚቀመጥ ልጅ ነው። አመስግናችሁ፣ ወንበር ስባችሁ፣ «አባታችን፣ ይኼ ይጠቅመናል፤ ይኼኛው ግን ለእኛ ልጆች አይሆንም» ማለት ትችላላችሁ። በለዘበ አንደበት የተነገረ እምቢታ ወዳጅ አያስቀይምም።

ከእናንተ አብዛኞቻችሁ ሳትወለዱ፣ በ1995 ዓ.ም. እዚሁ አጠገባችን ሾላ ውስጥ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተው ነበር። እኚህ ሰው በስደት አሜሪካ ገብተው፣ ተምረው፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኑ። እዚያ ለየአገሩ ሕፃን በየቋንቋው መጽሐፍ የማቅረብ ወግ አለና፣ ለኢትዮጵያውያን ልጆች በአማርኛ የሚሆን ቢፈልጉ አጡ። ሌላው ቢሆን «የለም» ብሎ ዝርዝሩን ይዘጋ ነበር። እርሳቸው ግን የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ጽፈው በሥዕል አሳተሙ። ቀጥለው 15,000 ያህል የልጆች መጽሐፍ ከዚያው ከሳን ፍራንሲስኮ አስመጥተው፣ በሚኖሩበት ቤት ምድር ቤት ለሾላ ልጆች በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላቸው።

እኔን የሚገርመኝ ብዛቱ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ሺህ መጽሐፍ ጋር ማሞ ቂሎ አብሮ መምጣቱ ነው። በበረዶ ስለሚጫወት ልጅ የሚያወራ የፈረንጅ ተረት ለሾላ ልጅ ዓይን ይከፍታል፤ ክፋት የለውም። ግን ልጁ ሆዱን ይዞ የሚስቀው፣ ማታም ለአያቱ የሚያነበው፣ አያቱም «ኧረ እኛ ስናወራው እንዲህ አልነበረም» ብላ የምታርመው የራሱ ተረት ሲሆን ነው። መምረጥ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ልጅ ማን ነው ከማለት። አቶ ዮሐንስ በኋላ ደግሞ ሐዋሳ ላይ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጽሐፍ ወደየሰፈሩ ማዞር ጀመሩ። ያን ስሰማ ሳቅሁ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ከአህያዋ የሚበልጥ የመጽሐፍ መራጭ የለም። የምትጎትተው ልክ አለው፤ ስለዚህ ጫኙ ሳይመርጥ ሊጭን አይችልም። እናንተም ጋሪውን በራሳችሁ እጅ ስለምትገፉ ነው ይህን የምላችሁ።

ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲመረቅ እኔም እንደ ማንኛችሁም ኮራሁ። 1.4 ሚሊዮን መጽሐፍ ይይዛል የተባለ ቤት በአገሬ ሲቆም አየሁ፤ ከዚህ በኋላ ብሞትም አይቆጨኝም ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር እታዘባለሁ፤ በየሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የሚከፍት ሁሉ መጀመሪያ የሚናገረው ቁጥር ነው። «አሥር ሺህ ሰበሰብን፣ ሃያ ሺህ ሰበሰብን» ይባላል። እኛ ያለን አንድ ክፍልና አሥራ አራት መደርደሪያ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን። ሁለት ሺህ መጽሐፍ፣ ግን እያንዳንዱ ሰው የሚጠይቀው፣ ለእኛ ይበቃናል።

«ታዲያ የተጣለው ሁሉ ይጥፋ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይጥፋ። ለዚያ ሥራ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ ቤት አለን፤ ወመዘክር። ስሙ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» የሚለውን ከወገቡ ቆርጠን «እና መዘክር» ብቻ እያልን ስንጠራው ዘመን አለፈ። እርሱ የአገር ማስታወሻ ነው። በአገር ውስጥ የሚታተም ሁሉ፣ ያማረም ያላማረም፣ ቅጂው እዚያ እንዲገባ ሕግ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ደግሞ ተደራጅቷል። እርሱ ላብጥር ቢል ያጠፋል፤ ዛሬ እንክርዳድ የመሰለን የዛሬ መቶ ዓመት ለሚመረምር ሰው ስንዴ ሊሆን ይችላልና። የሰፈር ቤተ መጻሕፍት የወመዘክርን ሥራ ልሥራ ካለ ግን የእርሱንም አይሠራ፣ የራሱንም አይሠራ፤ መጋዘን ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልምጣ። እኔ በያዝኩት ቤት መጽሐፍ ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋር በንብረት መዝገብ ይሰፍራል። በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ቆጣሪ ኮሚቴ ይመጣል። የጎደለ መጽሐፍ ቢኖር ከማን ደመወዝ ይቆረጣል? ከእኔ። ማንም ያልነካው መጽሐፍ ቢኖርስ? የሚጠይቀኝ የለም። እስቲ ፍረዱኝ፤ እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያደርጋል? እኔ ቆለፍኩ። ባለመስታወት ቁም ሣጥን አሠርቼ፣ ቁልፉን ከሱሪዬ ቀበቶ ጋር አስሬ ተቀመጥኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ያ ነበር።

አንዲት የጽሕፈት ሠራተኛ ነበረች። ሻይ ሰዓት ሲደርስ ሻይዋን ትታ ትመጣና መስታወቱ አጠገብ ቆማ የአንድ መጽሐፍ ጀርባ ታነባለች፤ ርእሱን ብቻ። ሦስት ሳምንት ያህል ተመላለሰች። አንድ ቀን ደፍራ «ጋሼ፣ ያንን ቢያሳዩኝ» አለችኝ። «ከክፍል ኃላፊሽ ደብዳቤ አምጪ፣ ፎርም ትሞያለሽ» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ያን ዓመት በቆጠራው አንድም መጽሐፍ አልጎደለብኝም፤ የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠኝ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ አለ፤ ቁም ሣጥኑ ላይ ለጥፌው ነበር፣ አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው።

ራንጋናታን የሚባል ሕንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ለሙያው አምስት ሕግ አውጥቷል፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ የተሠራው ሥራ ላይ ሊውል ነው የሚል ነው። ያነበብኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መሆኑ ይቆጨኛል።

የጥንቶቹ አባቶቻችንም ቢሆኑ ጠባቂዎች ነበሩ፤ አትሳሳቱ። የአንድ መጽሐፍ ብራና የስንት ፍየል ቆዳ፣ የስንት ወር ድካም ነው። በማኅደር ከተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ብለው ውግዘት ይጽፉበታል። ግን የአያቴን ዳዊት ብታዩት፣ የገጾቹ ማዕዘን በጣት ወዝ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ያብረቀርቅ ነበር። የሚደገመው ክፍል የበለጠ ይጠቁራል፤ ብዙ የማይደርሱበት ነጣ ብሎ ይቀራል። ማኅደሩም፣ ውግዘቱም የተሠራው ለዚያ ጥቁር ማዕዘን ነው።

እናንተ ብራና የላችሁም፤ በመጨረሻው ገጽ የምትለጠፍ የመመለሻ ቀን ወረቀት ግን አላችሁ። እርሷን አንብቡ። ባለፈው ወር አንድ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሁለት መጽሐፍ ጎን ለጎን አነሣሁ። አንደኛው በ1958 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ነው፤ በኋላ ከወጡት ኅትመቶች የአንዱ ቅጂ። ጀርባው በፕላስተር ታስሯል፣ የፊቱ ሁለት ቅጠል የለም፣ የቀኗ ወረቀት በማኅተም ሞልታ ሁለተኛ ተቀጥሎባታል። ሌላው አንጸባራቂ ሽፋን ያለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መመሪያ ነው፤ ፕሮግራሙ ከጠፋ ቆይቷል፤ ወረቀቷ ላይ አንድም ቀን አልተመታም። ሁለቱም እኩል ቦታ ይዘው፣ እኩል ቁጥር ተሰጥቷቸው ቆመዋል። የቤቱ ኃላፊ ብሆን ለአንደኛው ሌላ ሦስት ቅጂ እገዛለሁ፤ ሁለተኛውን እሸኛለሁ።

መሸኘት ነው የከበደን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ቤተ መጻሕፍታችን ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ተቸግሯል። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ይቋቋም፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሦስት ሰው ይፈርም ሲባል፣ ሠራተኛው «ምን በወጣኝ» ብሎ አቧራውን ጠርጎ ይመልሰዋል። ነገር ግን አንዳንዱ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ያልወረደ እንደሆነ ሰው ይጎዳል። የመድኃኒት መጠን የሚናገር የሠላሳ ዓመት መጽሐፍ ለአንዲት እናት እጅ ቢገባስ? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1997 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል፤ አሮጌውን አንብቦ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ማንን ይክሰስ? በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ የቀድሞው መማሪያ ለፈተና የሚዘጋጅን ልጅ ወደማይጠየቅበት መንገድ ይመራዋል። የካርቶናችሁ አምስት ፊዚክስም በዚሁ ተራ ይግባ። ስለዚህ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ ተማሪው ጋብ ሲል፣ መደርደሪያውን አንድ በአንድ አውርዱ። የተሳሳተውን፣ የነቀዘውን፣ አምስት ዓመት ያልተነካውን ለዩ። ስትለዩም አንድ ሰው ብቻውን አይለይ፤ አስተማሪ ይኑርበት፣ ተማሪ ይኑርበት፣ ቃለ ጉባኤውም ይጻፍ፤ ያኔ ጠባቂውን ማንም አይከስሰውም። የወጣው ለቆሎ መጠቅለያ ቢሄድ አትዘኑ፤ ስንት ደራሲ የመጀመሪያ አንባቢውን ያገኘው በቆሎ መጠቅለያ ላይ ነው።

አንድ አደራ ግን አለኝ፤ እርሱንም ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። ማበጠር ማለት ያልወደድነውን መደበቅ አይደለም። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ እኔ ጎልማሳ ነበርኩ። መጽሐፉን ያላዩ ሰዎች ሁሉ ፈለጉት፤ በእጅ ተገልብጦ በየቤቱ ዞረ ይባላል። ዛሬ ኦሮማይ በየመጽሐፍ ቤቱ አለ፤ ያሰበሰቡት የሉም። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የማልወደው ብዙ ነገር አለ፤ የዛሬ ወጣት ልብ ወለድ ቋንቋው አንዳንዴ ጆሮዬን ያሳክከዋል። ይሁን እንጂ የእኔ ጆሮ ሰፌድ አይደለም። ጥያቄው አንባቢው ይፈልገዋል ወይ፣ እውነት ነው ወይ፣ በሚገባ ተሠርቷል ወይ የሚለው ነው። ከዚያ ያለፈው የእኔና የእግዜር ጉዳይ ነው።

አንባቢውስ ማን ነው? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ከጎሮ የሚመጣ ልጅ በኦሮምኛ የተጻፈ ተረት ይፈልጋል፤ ከቦሌ ቡልቡላ የምትመጣው በእንግሊዝኛ ማንበብ ለምዳለች፤ ጡረተኛው ታሪክ ይፈልጋል፤ ሱቅ የምትከፍተው ልጅ ሒሳብ አያያዝ ትፈልጋለች። ወንበሩን ሞልቶ የሚውለው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሱን ደብተር ነው የሚያነበው፤ እርሱም ይፈለግ፣ አይባረር፤ የመብራቱና የዝምታው ተካፋይ ነው። በሩ አጠገብ አንድ ደብተር ከነእስክሪብቶው በገመድ አስራችሁ አንጠልጥሉ፤ ማንም የሚፈልገውን መጽሐፍ ይጻፍበት። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። በየወሩ የእድሩ ሰብሳቢ ያን ደብተር ያንብበው፤ የምትገዙት ከዚያ ደብተር ይሁን እንጂ ርካሽ ከተገኘበት አይሁን።

ስለ አያያዙ ብዙ አልልም፤ ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፤ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ያለቅሳል። የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ ከፍ ይበል፤ አይጥ መጀመሪያ የሚያነበው እርሱን ነው። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አትለጥፉ፤ ውሎ አድሮ ይደርቅና ገጹን ይዞት ይሄዳል። ስስ ወረቀትና ቀለል ያለ ሙጫ ይበቃል። አቧራውን በየሳምንቱ በደረቅ ጨርቅ፤ የእኛ ሰፈር ሕንፃ ገና ሃያ ዓመት ይሠራ ይሆናል፣ አቧራውም አብሮት ነው።

ገጽ በምላጭ ቆርጦ የሚወስድ ተማሪም አይጠፋም። ስታገኙት ሰው ፊት አታዋርዱት። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። ለብቻው ጠርታችሁ፣ ያንኑ ገጽ በእጁ አስጽፋችሁ መጽሐፉ ውስጥ አስለጥፉት። ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ አትስጡት፤ ይጻፈው።

እሑድ ጋሪውን ይዛችሁ ተመለሱ። የእኔን ካርቶን አዘጋጅቻለሁ፤ ሠላሳ አንድ መጽሐፍ ነው፣ ሁሉንም ገልጬ አይቻለሁ፣ የደከሙትን ሁለቱን ጠግኛለሁ። ሳበጥር ግን ከመሃል አንድ ሌላ ወጣ። የእኔ አይደለም፤ ሽፋኑ ውስጥ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ማኅተም አለበት፤ የመመለሻ ቀኑ ኅዳር 1983 ይላል። እንደተዋስኩት ረስቼው፣ ከቤት ቤት ስቀይር አብሮኝ ሲዞር ኖሯል። ስለ ሞኝና ወረቀት ስተርትላችሁ ይኼው መጽሐፍ አልጋዬ ራስጌ ነበር። ሰኞ ጠዋት ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ልመልሰው ነው። ከእናንተ አንዱ ጊዜ ካለው ይሸኘኝ፤ ብቻዬን አፍራለሁ።